በአንድ ስም የተሸሸገ ልዩ ልዩነት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ አጥቁሮ የሚያረግፍ፥ ያልረገፈውንም በቅርንጫፉ ላይ እንዳለ አጨማድዶ የሚያደርቅ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ መታየቱ በተረጋገጠ ጊዜ፥ የአገሪቱ የውጭ ንግድ ከምንም በላይ በዚህ በአንድ ተክል ላይ የቆመ ነበርና ሥጋቱ ቀላል አልነበረም። በሽታው በ1922 ኬንያ ውስጥ ከታወቀ ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካን የቡና እርሻዎች ሲያጠፋ የኖረ ነበር። ነገር ግን በጫካው ቡናና በገበሬው ጓሮ የተዘዋወሩት ባለሙያዎች አንድ የሚያጽናና ነገር ተመለከቱ፤ ይኸውም በአንድ አፈርና በአንድ ዝናብ፥ ፍሬው ሁሉ በጠቆረበት ዛፍ አጠገብ፥ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ድረስ ጤነኛ ፍሬ የተሸከመ ሌላ ዛፍ ቆሞ መገኘቱ ነው። ጅማ አጠገብ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ጣቢያ የእነዚህን ዛፎች ዘር ሰብስቦ፥ በበሽታው እየፈተነ ካጣራ በኋላ ለገበሬው እንዲዳረስ አደረገ። 74110 እና 74112 በሚባሉ ቁጥሮች የሚታወቁት የኢሉባቦር ቡናዎች በ1974 ከተመረጡት መካከል ሲሆኑ፥ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኀዞች የተመረጡበትን ዓመት የሚያመለክቱ ናቸው።

ያ ጫካ እንዲህ ያለ መድኅን ከየት አገኘ ለሚል ጠያቂ፥ በ1869 በሴሎን ደሴት፥ ማለት በዛሬዪቱ ስሪላንካ፥ የቡና ቅጠል ዋግ በተነሣ ጊዜ የሆነው ነገር መልሱን ይሰጠዋል። በዚያ የተተከለው ቡና ከኢትዮጵያ ወደ የመን፥ ከየመንም በጥቂት ፍሬና ችግኝ ወደ ሩቅ ምሥራቅ የተሻገረ ዘር ውላጅ ስለ ነበረ፥ ዛፉ እልፍ አእላፍ ቢሆንም ባሕርዩ ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፤ ስለዚህ አንዱን ዛፍ ያሸነፈ ዋግ ሁሉንም አሸነፈ፥ በሃያ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥም ደሴቲቱ ቡናን ትታ ወደ ሻይ ተክል ዞረች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1845 በአየርላንድ የተነሣው የድንች በሽታ ያደረሰው መከራ ግን ከዚህ እጅግ የከፋ ነው። ድንች ከራሱ ቁራጭ የሚራባ እንደ መሆኑ፥ የድኻው ሕዝብ ምግብ የነበረው ላምፐር የሚባለው ዝርያ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር፤ የገዥዎቹና የባለርስቶቹ ርኅራኄ ማጣት መከራውን እንዳበዛው ባይካድም፥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃቡን ተከትሎ በመጣ በሽታ ሲያልቅ፥ ከዚያ የማያንስ ሕዝብ አገሩን ጥሎ የተሰደደው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ ስም የሚጠራ ነገር በውስጡ ልዩ ልዩ ባሕርይ ያላቸውን ክፍሎች ይዞ ሲገኝ፥ ያንን ሁኔታ ዝንቅነት እንበለው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ዝንቅ የሚሉት ክፍሎቹ ተለይተው የሚታወቁበትን ድብልቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ በተመልካቹ ዓይን ኃይል የሚወሰን ነው፥ ለዓይን አንድ ወጥ መስሎ የሚታየው ወተት በማይክሮስኮፕ ሲመረመር በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ የቅባት ጠብታዎች ስብስብ ሆኖ ይገኛልና። የብረት ሥራ መሐንዲስ በበኩሉ ይህን ዝንቅነት ሆን ብሎ ይሻዋል፤ ስቲል የሚባለው ብረት የሚጠነክረው ለስላሳው ብረትና ደረቁ የብረትና የካርቦን ውሕድ በቀጫጭን ንጣፍ እየተፈራረቁ ሲደረደሩበት ነውና።

በሰው ልጅ ጥናት ግን ጉዳዩ ከዚህ የጠለቀ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ዘር ሊቅ ሪቻርድ ሌዎንቲን የደም ዓይነቶችንና ፕሮቲኖችን መርምሮ በ1972 ባወጣው ጽሑፍ፥ በሰዎች መካከል ካለው የዘር ልዩነት ከመቶ 85 ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉት ግለሰቦች መካከል የሚገኝ እንጂ ሕዝብን ከሕዝብ የሚለይ እንዳልሆነ አሳየ፤ በመልክና በነገድ ሰውን ከሰው ለማበላለጥ ለሚደክሙ ሁሉ ይህ አኀዝ ከባድ ተግሣጽ እንደ ሆነ አምናለሁ። በሕክምናም አንድ ስም ብዙ ምክንያቶችን ይሸፍናል። ደንቆሮ ሆነው የተወለዱ ባልና ሚስት ሁሉም ልጆቻቸው የሚሰሙ ሆነው የሚወለዱበት ጊዜ አለ፤ የአባትየውን ጆሮ የዘጋው የዘር ጉድለት ሌላ፥ የእናትየውም ሌላ ሊሆን ስለሚችል፥ ልጁ ከአንደኛው ያጣውን ከሁለተኛው በሙሉ ይወርሳልና።

ወደ እርሻው ልመለስ፥ የዝንቅነት ጥቅም እንደዚያ ገሃድ የሚሆንበት ስፍራ የለምና። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን በበቅሎ ሲዞር፥ በአንድ ማሳ ውስጥ ያየው የስንዴና የገብስ መልክ ብዛት ስላስደነቀው፥ አገሪቱን የሰብል ዘር መፍለቂያ ከሚላቸው ጥቂት የዓለም ክፍሎች አንዷ አድርጎ ቈጠራት፤ ይህ የሰው ልጅ እንዳይራብ ዘር ሲሰበስብ የኖረ ሰው በ1943 በሳራቶቭ ወህኒ ቤት በረሃብ መሞቱን ሳስብ ልቤ ያዝናል። ገብሳችንን ቢጫ አድርጎ የሚያጫጭ የቫይረስ በሽታን የሚመክት ዘር ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሯል፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ የጀርመን ተመራማሪዎች ከዚሁ አገር ከወሰዱት ገብስ የተገኘ ሌላ ባሕርይም፥ ቅጠልን ነጭ ዱቄት የሚያለብሰውን ሻጋታ በመከላከል የአውሮፓን የገብስ እርሻ እስከ ዛሬ ይጠብቃል። የትግራይና የኤርትራ ደጋ ገበሬ ሐንፈጽ ብሎ ገብስና ስንዴን ቀላቅሎ የሚዘራውም፥ ዝናቡ ሲያጥር ገብሱ፥ ሲበረክት ስንዴው እንደሚያድነው ከአባቶቹ ስለ ተማረ ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ሀብት ማእከል የእነዚህን አዝርዕት ናሙና በቅዝቃዜ ያኖራል፤ የማእከሉ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደም ዘሩ በጎተራ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ በመድከማቸው በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በመጋዘን የተኛ ዘር የተኛበትን ዘመን እንጂ ከዚያ ወዲህ የመጣውን በሽታ አያውቅም፥ ስለዚህ የእርሳቸው ሐሳብ ትክክል እንደ ነበረ አልጠራጠርም።

ነገር ግን ልዩ ልዩነት ከጥፋት ያድናል የሚለው ይህ ሕግ ለወዳጅና ለጠላት አያዳላም። በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን ለሳንባ ነቀርሳ መሰጠት በጀመረ ጊዜ፥ ሕሙማኑ ለጥቂት ወራት ካገገሙ በኋላ ብዙዎቹ ተመልሰው ይወድቁ ነበር፤ ምክንያቱም በአንድ ሳንባ ውስጥ ካሉት ስፍር ቍጥር የሌላቸው ባክቴሪያዎች መካከል ጥቂቶቹ፥ መድኀኒቱን ገና ሳያዩት፥ እርሱን የሚቋቋም ባሕርይ ይዘው ስለሚገኙ፥ ሌሎቹ ሲያልቁ እነዚያ ስፍራውን ይወርሳሉ። ሉርያና ዴልብሩክ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1943 በባክቴሪያ ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ እንዲህ ያለው ለውጥ ከፈተናው በፊት የሚገኝ እንጂ በፈተናው የሚወለድ እንዳልሆነ አስረድተው ነበር። ዛሬ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኀኒት በአንድነት የሚወስደው ስለዚህ ነው፤ አንዱን የሚያመልጥ ባክቴሪያ አራቱንም ያመልጣል ማለት እጅግ ዘበት ነውና።

ካንሰርም እንዲሁ ነው። ፒተር ኖዌል የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1976 እንደ ጻፈው፥ ዕጢው ከአንዲት ሕዋስ ቢነሣም ውላጆቿ እየተለዋወጡና እየተመራረጡ በመሄድ ልዩ ልዩ ወገኖች ይሆናሉ። በ2012 የለንደን ተመራማሪዎች ከአንድ ሰው የኵላሊት ዕጢ ከልዩ ልዩ ስፍራ ቈርሰው ሲመረምሩ፥ ካገኟቸው የዘር ለውጦች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በሁሉም ቁራሽ ውስጥ የማይገኙ መሆናቸውን አዩ፤ እንግዲህ በአንድ የመርፌ ናሙና ዕጢውን ሁሉ አውቀዋለሁ ማለት የማይቻል ነው። ለጫካው ቡና መዳኛ የሆነው ልዩ ልዩነት እዚህ ለዕጢው መዳኛ ይሆነዋል።

በፍሎሪዳ የሚሠሩት ሮበርት ጌተንቢና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ተነሥተው ያቀረቡት ሐሳብ ደፋር ነው፤ መድኀኒቱን የሚቋቋሙት ሕዋሳት በዕጢው ውስጥ የሚጨቆኑት መድኀኒቱ በሚገድላቸው ጎረቤቶቻቸው ከሆነ፥ እነዚያን ጎረቤቶች ጨርሶ ማጥፋት ለጠላት ሜዳውን መልቀቅ ነው ይላሉ። ስለዚህ ዕጢው ሲያንስ መድኀኒቱን ያቋርጣሉ፥ ሲያድግ መልሰው ይጀምራሉ። በ2017 በታተመው በጥቂት የፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ፥ በዚህ መንገድ የታከሙት ሰዎች የተሰጣቸው መድኀኒት ከተለመደው ግማሽ እንኳ ሳይሞላ፥ በሽታው ተገትቶ የቆየበት ጊዜ በተለመደው አሰጣጥ ከሚታየው የረዘመ ሆኖ ተገኝቷል።