የጠፋ የሚመስለው እሳት፦ የኤሌክትሪክ ምድጃዎን ያውቁታል?

 

የረመዷን አመሻሽ ነው እንበል። መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተዋል። በአንዱ ምድጃ የአጃ ሾርባ ይንተከተካል፣ በሌላው ሳምቡሳ ይጠበሳል። አዛን ሲሰማ እናት ምድጃውን ታጠፋና ተምሩን ይዛ ወደ ሳሎን ትገባለች። ወጥ ቤት የቀረው ምድጃ ጥቁር ነው፤ ነበልባልም ፍምም ጭስም የለውም። ከኋላዋ የቀረ የሦስት ዓመት ልጅ ግን እጁን ቢያሳርፍበት ቆዳው ይላጣል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን የማይታይ ሙቀት ይመለከታል።

ብረቱ ለምን ቶሎ አይበርድም?

በብዙዎቻችን ቤት የሚገኘው ስቶቭ ላይ የምናየው ክብ ጥቁር ነገር ወፍራም ብረት ነው። የሚግለው ሽቦ ከብረቱ ሥር ተቀብሯል። ኤሌክትሪኩ ሽቦውን፣ ሽቦው ብረቱን፣ ብረቱ ደግሞ ድስቱን ያሞቃል። በዚህ ምክንያት ለመጋል ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ አንዴ ከጋለ ደግሞ ቢጠፋም ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የጋዝ ምድጃ ሲዘጋ እሳቱ ወዲያው ይጠፋል። ብረቱ ግን ማዞሪያው ዜሮ ላይ ከዋለ በኋላም ማብሰሉን ይቀጥላል። ይህን ጠባዩን ያወቀ ይጠቀምበታል፣ ያላወቀ ይጎዳበታል።

ሙቀቱን ይጠቀሙበት

ሾርባው ወይም ምስር ወጡ ሊደርስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሲቀረው ምድጃውን አጥፍተው ድስቱን እንደተከደነ ይተዉት። በቀረው ሙቀት ይበስላል፣ ከሥሩም አይይዝም። 1500 ዋት የሚስብ ምድጃ በ10 ደቂቃ ሩብ ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ በየቀኑ ሲታሰብ ቀላል አይደለም። ጎመንና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎችም ብዙ በተቀቀሉ ቁጥር ቫይታሚን ሲያቸው ስለሚቀንስ፣ በጥቂት ውኃ አብስሎ በጊዜ ማውጣት ለጤናም ይበጃል።

ድስቱ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለውና ከብረቱ ስፋት ጋር የሚመጣጠን ይሁን። መቀመጫው ክብ የሆነ የሸክላ ጀበና ብረቱን የሚነካው በጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ቡናው ይዘገያል፣ ሙቀቱም በከንቱ ይባክናል።

ወተትና ዘይት

ወተት ሊገነፍል ሲል ማዞሪያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ድስቱን ከብረቱ ላይ ያንሱት። ሳምቡሳ ሲጠብሱ ዘይቱ ከድስቱ ሲሶ አይለፍ፤ መጤስ ከጀመረ ከልክ በላይ ግሏልና ምድጃውን ያጥፉ። ዘይቱ በእሳት ቢያያዝ በፍጹም ውኃ አያፍሱበት፣ ድስቱንም ይዘው አይሩጡ። ምድጃውን አጥፍተው በክዳን ይድፈኑት፤ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድም ክዳኑን አይክፈቱ።

መብራት ሲጠፋ

ምግብ እያበሰልን መብራት ሲጠፋ ብዙዎቻችን ምድጃውን ማጥፋት እንረሳለን። ሰው በሌለበት ወይም ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ መብራቱ ቢመለስ ብረቱ ብቻውን ይግላል። ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ማዞሪያውን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ ሶኬቱንም ይንቀሉ። በብረቱ ላይ ጨርቅ፣ ፌስታል ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጥም ልማድ አይሁን። ሁለቱም ምድጃዎች አብረው ሲበሩ ከ10 አምፔር በላይ ሊስቡ ስለሚችሉ፣ በቀጭን ማከፋፈያ ሳይሆን በግድግዳው ሶኬት ይሰኩት። በምትኩ ከሰል ቢያቀጣጥሉ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይሁን። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው ገዳይ መርዝ አለው።

ጽዳቱ

በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢፈስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲበርድ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ አሙቀው ያድርቁት። ሲቀዘቅዝ በስሱ ዘይት ቢቀቡት አይዝግም።

ቃጠሎ ቢደርስ

ልጅ ቢቃጠል የተቃጠለውን ቦታ ወዲያውኑ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያፍሱበት። ቧንቧ ከሌለ በጆግ ቀስ እያሉ ያፍሱ። እጁ ሳያብጥ ቀለበት ወይም አምባር ያውልቁ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ሊጥ ወይም በረዶ አያድርጉበት፤ ቁስሉን ይጎዳሉ፣ ለሐኪምም ያስቸግራሉ። ውኃ የቋጠረውን አያፍርጡት። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርገው ሸፍነው ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ በተለይ ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ የሰፋ ከሆነ ወይም ፊትን፣ እጅን ወይም መገጣጠሚያን ከነካ አይዘግዩ።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችን ምድጃው መጥፋቱን እንጂ መብረዱን አያውቁም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ምድጃውን ካጠፉ በኋላ ውኃ የያዘ ማንቆርቆሪያ ይጣዱበት። ብረቱ ይሸፈናል፣ ለኢፍጣር ሻይም ለብ ያለ ውኃ ይገኛል። የማንቆርቆሪያው እጀታ ግን ወደ ግድግዳው ይዙር፣ የወጥ ቤቱም በር ይዘጋ። ልጆቻችሁን አላህ ይጠብቅላችሁ።