የሣር ማጨጃ መኪና ስለ ምን ይንቀጠቀጣል?

ተቀምጠው የሚነዱት የሣር ማጨጃ መኪና ሲንቀጠቀጥና ሲንኳኳ፣ ብዙ ሰው በፊቱ የታየውን ብሎን አጥብቆ ሥራውን ይቀጥላል። ብሎኑን ያላላው ግን መንቀጥቀጡ ነውና፣ ምክንያቱ ሳይመረመር ጥገናው ከንቱ ነው።

የምርመራው መጀመሪያ የሞተሩን ጥፋት ከስለቱ ጥፋት መለየት ነው። መኪናው በደልዳላ ቦታ ቆሞ ሞተሩ እየሠራ፣ የስለቱ መዞር ብቻ ይቋረጥ። መንቀጥቀጡ ከቀረ ጥፋቱ ከስለቱ፣ ከዘንጉ ኩሽኔታ ወይም ከሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ ካልቀረ የሞተሩ ማሰሪያ ብሎኖችና ማርሚታው ይታዩ።

ወደ ስለቱ እጅ ከመስደድ በፊት ሞተሩን ማጥፋት፣ ቁልፉን መንቀል፣ የካንዴላውንም ሽቦ መለየት ግድ ነው። ከዚያ ስለቱ ተፈትቶ በመካከለኛ ቀዳዳው በምስማር ላይ ይሰቀል። ሚዛኑ የተስተካከለ እንደ ሆነ አግድም ይቆማል፤ አንዱ ወገን ካዘነበለ የከበደው ጫፍ በሞረድ ይቀነስ። በድንጋይ ተመትቶ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ስለት ግን ይለወጣል እንጂ አይቃናም። ዘንጉም በእጅ ሲነቀነቅ ከተወዛወዘ፣ የኩሽኔታውን ማለቅ ያስረዳል።

ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ በደቂቃ ከ3,000 ጊዜ በላይ ይዞራልና፣ የተሰበረ ስለት እንደ ጥይት ይወረወራል። ስለዚህ መኪናው ድምፁን ሲለውጥ ማቆም ሥራን ማጓተት ሳይሆን፣ የነጂውንና የአላፊ አግዳሚውን አካል ከጉዳት ማዳን ነው።