ትሪኮግራማና ሰው ሠራሽ እንቁላል

ገበሬ ሰብሉን ከተባይ ለመከላከል ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በመርዝ ነው። ይሁን እንጂ መርዝ ከተባዩ ጋር ንብንና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን ይገድላል፤ አፈርንና ውሃን ይበክላል፤ የሚረጨውንም ሰው ጤና ይጎዳል። ከዚህም በላይ ተባዮቹ ከጊዜ ብዛት መርዙን ይለማመዱታል። ስለዚህ «እሾህን በእሾህ» እንደሚባለው፣ ነፍሳትን በነፍሳት የመከላከል ዘዴ ሲጠና ቆይቷል።

ለዚህ ተግባር ከሚውሉት ነፍሳት መካከል አንዷ ትሪኮግራማ የምትባለው ጥገኛ ተርብ ናት። ርዝመቷ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ሲሆን ሰውን አትነድፍም። እንስቷ የእሳት እራት እንቁላል ፈልጋ ቅርፊቱን በመብሳት የራሷን እንቁላል በውስጡ ትጥላለች። ከዚያ የሚፈለፈለው እጭ የእሳት እራቱን እንቁላል ይዘት ተመግቦ ያድጋል፤ አየሩ ሞቃት ከሆነም ከአሥር ቀናት ገደማ በኋላ ክንፍ አብቅሎ ይወጣል። በመሆኑም ሰብል የሚበላው አባጨጓሬ ገና ሳይፈለፈል ይጠፋል።

ነገር ግን አንድን ማሳ ለመጠበቅ እጅግ ብዙ ተርቦች ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ስታንሊ ፍላንደርስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ የጎተራ እህል የሚያበላሽ የእሳት እራት እያረባ እንቁላሉን ለትሪኮግራማ ማርቢያ አዋለው። በተመሳሳይ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ሆኖም ተርቧን ለማግኘት በቅድሚያ እህል ማቅረብ፣ በእህሉም የእሳት እራቱን ማርባት ግድ ይላል። ይህም ድርብ ሥራና ድርብ ወጪ ነው።

ታዲያ የእሳት እራቱን ትቶ እንቁላሉን በሰው እጅ መሥራት ይቻላልን? እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከነፍሳት አካል በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ትሪኮግራማን ለማሳደግ እንደቻሉ አስታወቁ። የቻይና ተመራማሪዎች ደግሞ ሥራውን ከቤተ ሙከራ ወደ ማሳ አደረሱት። በስስ ፕላስቲክ ላይ ጥቃቅን ጉብታዎችን አበጁ፤ የሐር ትል ፈሳሽ፣ የዶሮ እንቁላል አስኳልና ወተት ቀላቅለው ሞሉባቸው፤ በሌላ ፕላስቲክም ከደኗቸው። በቻይና የሐር ትል በብዛት ስለሚረባ ፈሳሹን ማግኘት አያስቸግርም። ተርቧ ጉብታው እውነተኛ እንቁላል መስሏት ትወጋዋለች። በዚህ መንገድ ያደጉ ተርቦች በጥጥና በሸንኮራ አገዳ ማሳዎች ተለቀው ተሞክረዋል።

ይህም ሆኖ ሥራው ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፕላስቲኩ ከወፈረ ተርቧ ልትበሳው አትችልም፤ በውስጡም በቂ አየር አይገባም። ምግቡ ከበዛ ሆዱ የተነፋና ክንፉ የተጨማደደ ተርብ ይወጣል። ንጽሕና ከጎደለ ደግሞ ምግቡ ይሻግታል። ስለሆነም ትሪኮግራማን በብዛት ለማርባት ዛሬም በአብዛኛው የሚያገለግለው የተፈጥሮ እንቁላል ነው።

ጉዳዩ ከምሥራቅ አፍሪካ ገበሬም የራቀ አይደለም። ከአሜሪካ የመነጨው መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ገብቶ የበቆሎ ሰብልን አጥቅቷል። በምሥራቅ አፍሪካ በተደረጉ ጥናቶችም የዚህን ተምች እንቁላል የሚያጠቁ ጥቃቅን ተርቦች በማሳዎች ውስጥ ተገኝተዋል። ለገበሬው መርዝ መግዛት ይከብደዋል፤ መርጨቱም ለጤናው ያሰጋዋል። እነዚህን ተርቦች በአነስተኛ ወጪ ማርባት ቢቻል ግን ሰብሉን የሚጠብቅለት ረዳት ያገኛል።