ከጆሮ ታምቡር ጀርባ የሚመታ ደም ስር

ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል ከልብ ምታቸው ጋር እኩል የሚሄድ ድምፅ በአንድ ጆሯቸው የሚሰማቸው ሰዎች አሉ። መንስኤዎቹ ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ መንገዱን ስቶ መካከለኛው ጆሮ ውስጥ የገባ ደም ስር ነው።

መካከለኛው ጆሮ ከታምቡሩ ጀርባ ያለ፣ አየር የሞላበት ጠባብ ክፍል ነው። ከፊት ለፊቱ ለአንጎል ደም የሚያደርሰው የካሮቲድ ደም ቅዳ፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ ከአንጎል የሚመለሰውን ደም የሚቀበለው የጁጉላር ደም መልስ ያልፋሉ። ከክፍሉ የሚለያቸው ስስ አጥንት ነው። አጥንቱ ከሳሳ ወይም ከታጣ፣ አለዚያም ደም ስሩ ከተፈጥሮ መንገዱ ከወጣ፣ ታምቡሩን በኦቶስኮፕ የሚያይ ሐኪም ከጀርባው እብጠት የሚመስል ነገር ያገኛል።

የመጀመሪያው ፍንጭ ቀለምና ቦታ ነው። በታምቡሩ ታችኛ ክፍል ወደ ፊት ቀላ ብሎ የሚታይ ካሮቲድን ያስጠረጥራል፤ ከታች ወደ ኋላ ሰማያዊ የሚመስል ደግሞ ጁጉላርን። ይሁን እንጂ ቀለም ያሳስታል። ግሎመስ የሚባለው፣ ደም ስር የበዛበት ዕጢም ቀይ ሆኖ ይመታል፤ ከታምቡሩ ጀርባ የተጠራቀመ ደምም ሰማያዊ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ምንነቱ ሳይታወቅ ናሙና መውሰድም ሆነ ታምቡሩን መብሳት ክልክል ነው። የተወጋው ካሮቲድ ከሆነ ከባድ የደም መፍሰስ፣ ከዚያም አልፎ የአንጎል ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል።

ጥርጣሬውን የሚፈታው የጆሮ አጥንትን በስስ ቁራጭ የሚያሳይ ሲቲ ስካን ነው። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ያጠራጠረውን ነገር ከምስል ወደ ምስል ይከተለዋል፦ ደም ስር ከሆነ እንደ ቱቦ ገብቶ ሲወጣ ይታያል፤ ዕጢ ከሆነ ግን እዚያው ተድበልብሎ ይቀራል።

ሌላም ደም ስር አለ። በፅንስ ጊዜ በመካከለኛው ጆሮ ባለው የእርካብ አጥንት ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ፣ ከልደት በፊት የሚጠፋ ትንሽ ደም ቅዳ አንዳንዴ ሳይጠፋ ይቀራል። ምልክቱ የራስ ቅል ሥር የሚገኝ ስፒኖሰም የተባለ ቀዳዳ በዚያው ወገን አለመኖሩ ነው። ይህን አስቀድሞ ያላየ ቀዶ ሐኪም የእርካብ አጥንትን ሲቀይር ድንገት ይጋፈጠዋል።

ብዙዎቹ እነዚህ ደም ስሮች ሕክምና አይሹም። የሚያስፈልገው ግኝቱ በካርዱ ላይ በግልጽ እንዲጻፍና ታካሚውም ጆሮውን ለሚያክም ሐኪም ሁሉ አስቀድሞ እንዲናገር ነው።