ባሌስትራ ያስጨመረ መኪና ጋራንቲው ይቀርበታል?

ከአዳማ በደራና በኢተያ በኩል አሰላ የምትመላለሱ የአይሱዙ ባለንብረቶች፣ መጀመሪያ የጋራንቲ ደብተራችሁን አንብቡ። ባሌስትራ አስጨምራችሁ ከልክ በላይ ስትጭኑ ሻንሲው ቢሰነጠቅ ወይም ድፍረንሻሉ ቢበላ ሻጩ "አልጠግንም" ቢል አይፈረድበትም። የውሃ ፓምፑ ቢያፈስስ ግን ከባሌስትራው ጋር ምን ያገናኘዋል? በዚህ ሰበብ መከልከል ተገቢ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሽቦ ነው። ለተጨማሪ መብራት ብሎ የፋብሪካውን ሽቦ ልጦ በፕላስተር የሚጠቀልል ባለሙያ አለ፤ በቆላው ሙቀት ፕላስተሩ ይለቃል፣ ሽቦው ሾርት ያደርጋል። ከባትሪው የራሱ ፊውዝና ሪሌ ያለው መስመር አስዘርጉ፤ ደረሰኙንም ያዙ።

ጥገና ከተከለከላችሁ የትኛው ጭማሪ የትኛውን ዕቃ እንዳበላሸ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። በቃል መልስ ብቻ አትመለሱ።