ፋይሉ አልሄድም ሲል

ካርቱም ውስጥ ዴም የሐበሻ ሰፈር ነበር። ከእንጀራውና ከቡናው ቀጥሎ እዚያ የሚፈለገው ነገር ኢንተርኔት ቤት ነበር። ካናዳ ወይም አውስትራሊያ ያለ ዘመድ ፎርም ሲሞላልህ፣ የልደት ካርዱንና የጋብቻ ወረቀቱን ስካን አድርገህ የምትልከው አንተ ነህ።

አንድ ቀን የእህቴን የልደት ካርድ ስካን አስደርጌ «የእህቴ ልደት» ብዬ ሴቭ አደረግሁት። አታች ላደርገው ስል ኢሜይል መላኪያው ፕሮግራም አልቀበል አለኝ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ የሰዓቱ ሒሳብ ይቆጥራል። ቤቱን የሚጠብቀው ልጅ መጣና ስክሪኑን በጣቱ አሳየኝ፦ ስሙ መሆን ባለበት ቦታ አራት የጥያቄ ምልክት፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ሦስት የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። «ፋይልህ ደህና ነው፤ ስሙ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር የሚያውቀው ፊደሉን ሳይሆን ለፊደሉ የተሰጠውን ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው አስኪ የተባለው ሠንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ የተሠራውም ለእንግሊዝኛ ነው። ኋላ ዊንዶውስ ለዐረብኛ 1256 የሚባል ሠንጠረዥ ያዘ። የእኛ ፊደል፣ የብዙ ቋንቋ ፊደሎችን በአንድ ላይ የሚይዘው ዩኒኮድ የተባለ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ለዐረብኛ የተሰናዳ ኮምፒውተር ላይ ዩኒኮድ የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ካለ፣ «የ»ን በ1256 ውስጥ ፈልጎ ሲያጣ በምትኩ «?» ያስቀምጣል። ሰባት ፊደል፣ ሰባት የጥያቄ ምልክት።

ጉዳቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ዘጠኝ ምልክቶችን ይከለክላል፦ \ / : * ? " < > | ። «?» ፋይል ሲፈለግ «በዚህ ቦታ የፈለገው ፊደል ይሁን» ለማለት የተያዘ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፋይሉን በጥያቄ ምልክት ሲጠራው አቤት የሚል የለም። ፋይሉ ግን እዚያው ተቀምጧል።

እዝባሩም እንዲሁ ነው። እኛ ቀን የምንጽፈው 12/8/2009 ብለን ነው፤ ለኮምፒውተር ግን እዝባር የፎልደር በር ነው። የስም ርዝመትም አለ። በዛሬው አሠራር አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ አንዱ ፊደል ሦስት ይይዛል። በብዙ የሊነክስ ሰርቨሮች የስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ፣ በአማርኛ 85 ፊደል ሲሞላ ያበቃል።

ኢሜይልም የራሱ ታሪክ አለው። ፋይል አባሪ ማድረጊያው ደንብ፣ ማይም የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ወጣ፤ ከአስኪ ውጭ የሆነ ስም እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግገው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ተከተለ። ሁሉም ፕሮግራም አልተከተለውም። አንዳንዴ ፋይሉ ደርሶ፣ ከስሙ ጋር መጨረሻው ላይ ያለው «ፒዲኤፍ» የሚለው ቅጥያ ተቆርጦ ይገኛል፤ ተቀባዩ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል። ቅጥያው ቢመለስለት ይከፈት ነበር።

ልጁ ስሙን በላቲን ፊደል፣ ቃላቱን በሰረዝ አያይዞ ለወጠው፤ ወዲያው ሄደ። የወረቀቱ ይዘት አንድ ነጥብ አልተነካም። በገዛ ፊደላችን የሰየምነው ፋይል መከልከሉ ግን ልክ አይደለም፤ ፊደሉ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር፣ በገላባት አድርገው መተማ ከገቡት መካከል ወረቀታቸውን በስልክ የያዙ ነበሩ። እንደዚያ ያላችሁ ሁሉ፣ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ኮፒ አድርጉ፤ ኮፒውን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ አጠር አድርጋችሁ ሰይሙ፤ ቅጥያውን አትንኩ፤ የአማርኛውን ስም ደብዳቤው ውስጥ ጻፉት። ማመልከቻ የምትቀበሉ መሥሪያ ቤቶችም «ስህተት ተፈጥሯል» ብላችሁ አትለፉን፤ ያልተቀበላችሁት ስሙን ከሆነ፣ ስሙን ነው በሉን።