ለጊዜያዊ የራዲዮ ጣቢያ፤ ከኃይል ይልቅ ከፍታ

ለኤግዚቢሽን፣ ለባዛር ወይም ለበዓል ገበያ ሲባል ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚያገለግል ትንሽ የራዲዮ ጣቢያ ማቆም በውጭ አገር የታወቀ ሥራ ነው። በእንግሊዝ አገር ለምሳሌ ለዚሁ ዓላማ እስከ 28 ቀን የሚጸና ፈቃድ ይሰጣል። በአገራችንም እንዲህ ያለ ሐሳብ ያለው ነጋዴ፣ ወይም መሣሪያውን ሊያስመጣ የተጠየቀ አስመጪ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የአሠራሩን መሠረት ቢያውቅ ይጠቀማል።

በኢትዮጵያ የራዲዮ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1935 ከአቃቂ ሲጀመር በአጭር ሞገድ ይሠራ ነበር። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው የአየር ንብርብር እየተንጸባረቀ ስለሚመለስ ባሕር ማዶ ይደርሳል። ለአንድ ከተማ የሚበቃው ኤፍ ኤም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል እየሠራ እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ይጓዛል፤ ተራራና ትልቅ ሕንፃም ይጋርደዋል።

ለዚህም ቴዎድሮስ አደባባይ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ከአደባባዩ ቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል ይወርዳል፤ በስተምዕራብ መርካቶ ይገኛል፤ በስተሰሜን ግን መሬቱ ወደ እንጦጦ እየከፋ ይሄዳል። ስለዚህ አንቴናው በመንገድ ዳር ቢተከል በአካባቢው ሕንፃዎች ይታፈናል። ከሰገነት በላይ በብረት ምሰሶ ከፍ ቢል ግን ቁልቁለቱ ራሱ ያግዘዋል።

ብዙ ገዢዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ድምፁ ሩቅ እንዲደርስ ሲሹ ኃይሉ ከፍ ያለ ማሠራጫ ያዛሉ። ነገር ግን ከ50 ዋት ወደ 200 ዋት፣ ማለትም አራት እጥፍ ቢወጣ፣ በአድማጩ ዘንድ የሚደርሰው የሞገድ ብርታት የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ሜዳ በሆነ ቦታ አንቴናውን ከ10 ሜትር ወደ 20 ሜትር ማንሣት ይህንኑ ውጤት ሊያስገኝ ይችላል። የብረት ምሰሶ ደግሞ እዚሁ አገር ይበየዳል፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

ሁለተኛው የኪሣራ ምክንያት ገመዱ ነው። ቀጭን ኮአክሲያል ገመድ 30 ሜትር ያህል ቢዘረጋ ከኃይሉ ከግማሽ የሚበልጠው በሙቀት ይጠፋል። ስለሆነም በማሠራጫው ላይ ቆጥቦ በወፍራሙ ገመድ ላይ መጨመር ይሻላል። አንቴናው ራሱ በ100 ሜጋ ኸርዝ ሲሠራ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ቀላል ዕቃ ነው፤ ልኩ ግን ከተፈቀደው ሞገድ ጋር መስማማት አለበት። ማሠራጫውም አንቴና ሳይያያዝለት ከተከፈተ፣ መከላከያ ከሌለው፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚታሰበው መብራት ነው። መሣሪያው ለ220 ቮልት የተሠራ መሆኑ ከመታዘዙ በፊት ይረጋገጥ፤ ከስታቢላይዘርና ከጄኔሬተርም ጋር ይያያዝ። በገበያው መካከል የሚቋረጥ ጣቢያ ማስታወቂያ የከፈለበትን ነጋዴ ያስቀይማል። ምሰሶውም በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከመሬት ጋር ይታሰር። በክረምት መብረቅ ሲወርድ ይህ ጥንቃቄ ለንብረት ብቻ ሳይሆን ለሰው ሕይወትም ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ፈቃዱ ነው። በ2013 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 1238 መሠረት የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ሲሆን፣ የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ በ1992 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እና በ2000 ዓ.ም. የተከተለው ሸገር 102.1 የመሳሰሉ ጣቢያዎች ስላሉ፣ አዲስ ገቢ ሞገዱን በራሱ ፈቃድ ሊመርጥ አይችልም። አንዱ በሌላው ላይ ቢገባ ሥርጭቱ ሊረበሽ ይችላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ፈቃድና ሞገድ፣ ቀጥሎ ቦታና ምሰሶ፣ ከዚያም ገመድና አንቴና፣ በመጨረሻ ማሠራጫው። ይህን ገልብጦ አስቀድሞ ሌተር ኦፍ ክሬዲት የከፈተ አስመጪ ዕቃው ጉምሩክ መጋዘን ደርሶ ፈቃድ ሲጠየቅበት፣ የመጋዘን ኪራዩ በየቀኑ ሲቆጠር፣ ባዛሩ ደግሞ ተከፍቶ ሲዘጋ ሊያይ ይችላል። ለአንድ ወር ሥራ የተገዛ መሣሪያ ወሩ ካለፈ በኋላ ቢለቀቅ ትርፉ ድካም ብቻ ነው።